በሙሲ ወንዝ ከተማ ቤት ለመያዝ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም የሚጠይቁት ስለ አንዲት ከተማ ነው፤ እርሷም የኢንዶኔዥያው የደቡብ ሱማትራ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ፓሌምባንግ ናት። በ2020 በተካሄደው ቆጠራ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የተመዘገበባትን ይህችን ከተማ የሙሲ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ ሰሜናዊው ዳርቻ ኢሊር፣ ደቡባዊው ደግሞ ኡሉ ይባላል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የጠያቂዎቻችንን ስም በፍላጎታቸው መሠረት ትተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ በዱባይ የምሠራ ኢትዮጵያዊት ነኝ። ባለቤቴ የፓሌምባንግ ልጅ ሲሆን፣ የተዋወቅነውም የተጋባነውም እዚሁ ዱባይ ነው። ሁለታችንም ሙስሊሞች ነን፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅም አለችን። በሚቀጥለው ዓመት ጠቅልለን ወደ እርሱ አገር ለመግባት አስበናል። እርሱ ወንዝ ዳር፣ ዘመዶቹ ከሚኖሩበት አጠገብ ቦታ ገዝተን ቤት እንድንሠራ ይፈልጋል። እኔ ግን ለዕረፍት በሄድን ጊዜ ካምባንግ ኢዋክ የሚባለው ኩሬ ያለበትን ሰፈር አይቼ ልቤ እዚያ ቀርቷል። የትኛው ይሻላል? ቤቱስ በእኔም ስም ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ እርስዎ ያዩት ሰፈር ታላንግ ሰሙት ይባላል፤ ከአምፔራ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ በኢሊር በኩል ይገኛል። ሆላንዳውያን ገዥዎች በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ለራሳቸው መኖሪያ የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። አብዛኛው የፓሌምባንግ መሬት ዝቅተኛና ረግረጋማ ሲሆን፣ ይህ ሰፈር ግን ከአካባቢው ከፍ ብሎ የሚገኝ ደረቅ ጉብታ ነው። በ1930 አካባቢ የከተማዋን ፕላን ያጠናው አርክቴክት ቶማስ ካርስተን በሠራበት ዘመን መንገዶቹ የመሬቱን ቅርጽ ተከትለው እየታጠፉ፣ ቤቶቹ ሰፊ ግቢና ዛፍ ይዘው ተሠሩ። ኩሬውም ለውበት ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ የዝናብ ውኃን ተቀብሎ ያጠራቅማል። ዛሬ ጠዋትና ማታ ሰው በዙሪያው ሲሮጥና ሲንሸራሸር ይታያል። ጥቂት አለፍ ብሎ 26 ኢሊር በተባለው ሰፈር ፔምፔክ፣ ማለትም ከዓሣና ከካሳቫ ዱቄት ተሠርቶ በሆምጣጤና በቃሪያ መረቅ የሚበላው የከተማዋ መለያ ምግብ፣ በተደረደሩ ቤቶች ይሸጣል። በ1738 እና በ1748 መካከል የተሠራው ታላቁ መስጊድም ከሰፈሩ ሩቅ አይደለም። የቅድስት ማርያም ካቴድራልም እዚያው በታላንግ ሰሙት የሚገኝ በመሆኑ የሃይማኖት ቅይጥነቱ ለአዲስ ነዋሪ የሚከብድ አይሆንም።

ስለ ወንዝ ዳሩ ሲባል የባለቤትዎን ፍላጎት እናከብራለን፤ ዘመድ አጠገብ መኖር የሚሰጠውን ጥቅም በገንዘብ መለካት ያስቸግራል። ሆኖም ሙሲ ከባሕር ጋር እየተነፈሰ የሚኖር ወንዝ መሆኑን ሊያውቁ ይገባል። ከተማዋ ከባሕሩ በብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ብትርቅም የባሕሩ መሙላትና መጉደል እስከ እርሷ ድረስ ይሰማል፤ ባሕሩ ሞልቶ ወንዙን በሚገታበት ሰዓት ከባድ ዝናብ ከጣለ የከተማው ውኃ መውጫ ያጣል። የቀደሙት ሰዎች ቤታቸውን በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ አድርገው፣ አንዳንዶቹም በወንዙ ላይ በሚንሳፈፍ ግንድ ላይ የሠሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው መሬቱን በአፈር ሞልቶ በብሎኬት ይሠራል፤ የተሞላው መሬት ያፈናቀለው ውኃም ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በታኅሣሥ 2021 መጨረሻ አንድ ሌሊት የጣለ ዝናብ የከተማዋን ሰፊ ክፍል ካጥለቀለቀ በኋላ ዋልሂ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የከተማውን አስተዳደር ከስሶ፣ የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ በ2022 ድርጅቱን የሚደግፍ ውሳኔ ሰጥቷል። ስለዚህ ጎርፉ በከተማዋ ፍርድ ቤት ጭምር የታወቀ ጉዳይ እንጂ የደላላ ወሬ አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የወረቀቱ ጉዳይ ነው። በከተማ ውስጥ ግንብ ያልተሠራለት ወንዝ እንደ ጥልቀቱ ከ10 እስከ 30 ሜትር የሚደርስ ነጻ ዳርቻ እንዲኖረው የኢንዶኔዥያ የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስቴር በ2015 ባወጣው ደንብ ወስኗል። ብዙዎቹ የወንዝ ዳር ቤቶች የቆሙት በዚህ ርቀት ውስጥ ነው። ቤተሰብ ለትውልድ የኖረበት ቤት ቢሆንም እንኳ በመሬት ቢሮ የተመዘገበ ካርታ ላይኖረው ይችላል፤ ያለው ምናልባት በሰፈር ሹም የተፈረመ ወረቀት ወይም የቆየ የግብር ደረሰኝ ይሆናል። በ2021 የወጣው 18 ቁጥር የመንግሥት ደንብ ደግሞ የቀድሞ ባህላዊ ይዞታ ማስረጃዎች በ5 ዓመት ውስጥ እንዲመዘገቡ አዝዞ ነበር፤ ያ ጊዜ በየካቲት 2026 አብቅቷል። ስለዚህ ባለቤትዎ ያሰበው ቦታ የተመዘገበ ካርታ ከሌለው፣ ዘመድ የሚሸጠው ቢሆንም እንኳ እንዳይገዙት አጥብቀን እንመክራለን። ካርታ ካለውና ከወንዙ ዳርቻ ርቀት ውጭ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔ የሚቀረው ጥያቄ የመሬቱ ከፍታ ብቻ ነው። እርሱንም ከሻጩ አይጠይቁ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው የዝናብ ወቅት ሄደው የጎረቤቶችን ግድግዳ ይመልከቱ፤ ውኃ የቆመበት ቤት ምልክቱን በቀለሙ ላይ ያስቀራል። ታላንግ ሰሙትም ቢሆን ሁሉም መንገዱ እኩል ከፍታ የለውም፤ ወደ ሰካናክ ወንዝ የሚወርደውን ጎን ለይተው ይዩት።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። በ1960 በወጣው የኢንዶኔዥያ መሠረታዊ የመሬት ሕግ ሃክ ሚሊክ የሚባለው ሙሉ የባለቤትነት መብት ለኢንዶኔዥያ ዜጋ ብቻ የተፈቀደ ነው። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ በሊዝ ማሰብ ስለለመድን ይህ ብዙም ላያስገርመን ይችላል፤ ያልተጠበቀው ነገር በጋብቻው ምክንያት የሚመጣው ነው። ባልና ሚስት የንብረት ውል ካልተዋዋሉ በጋብቻ ዘመን የተገዛው ሁሉ የጋራ ይሆናል። እርስዎ የውጭ ዜጋ ስለሆኑ የባለቤትዎ ሃክ ሚሊክ ግማሹ የእርስዎ ነው ማለት ይሆናል፤ ይህንንም ሕጉ አይፈቅድም። ባለቤትዎ በገዛ አገሩ እንደ ባዕድ ሊቆጠር የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። መፍትሔው የንብረት መለያያ ውል ነው። ቀድሞ ይህን ውል መዋዋል የሚቻለው ከጋብቻ በፊት ብቻ ነበር፤ በጥቅምት 2016 ግን የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በጋብቻ ውስጥ ያሉ ጥንዶችም እንዲዋዋሉ ፈቀደ። ስለዚህ በቅደም ተከተል መጀመሪያ ዱባይ የተፈጸመውን ጋብቻችሁን ወደ ኢንዶኔዥያ በተመለሳችሁ በ1 ዓመት ውስጥ ታስመዘግባላችሁ፤ ቀጥሎ የንብረት ውሉን በኖተሪ ፊት ተዋውላችሁ በጋብቻ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ታደርጋላችሁ፤ ቤት የምትገዙት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ በኋላ ማስተካከሉ ያለ ክርክር አይሆንም።

ይህ ማለት ቤቱ በባለቤትዎ ስም ብቻ ይሆናል ማለት ነው፤ እርስዎ ያወጡት ገንዘብስ? በዚህ ላይ ዝም ብለን ማለፍ አንፈልግም። በባዕድ አገር፣ በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ ቤት ውስጥ ያለ ዋስትና መኖር ለማንም ሚስት አይመከርም፤ ባሏ መልካም ሰው ቢሆንም። ስለዚህ በንብረት ውሉ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ በሌላ መልክ፣ ለምሳሌ በባንክ ተቀማጭ ወይም በንግድ ድርሻ፣ እንዲጠበቅ ጠበቃው ይጻፍልዎ። ባለቤትዎ ቢሞቱና ሃክ ሚሊኩ በውርስ ቢደርስዎ ሕጉ በ1 ዓመት ውስጥ ለዜጋ እንዲያስተላልፉት ወይም ወደ ሌላ የተፈቀደ መብት እንዲያዞሩት ያስገድዳል፤ ካልሆነ መሬቱ ወደ መንግሥት ይመለሳል። ልጅዎ ግን የተሻለ ቦታ ላይ ናት። የ2006 የዜግነት ሕግ ከቅይጥ ጋብቻ የተወለዱ ልጆች እስከ 18 ዓመት ሁለት ዜግነት እንዲኖራቸው፣ ከዚያም እስከ 21 ዓመት ድረስ አንዱን እንዲመርጡ ይፈቅዳል።

ስለ ልጅዎ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። በደረቁ ወቅት፣ በተለይ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው ረግረጋማ መሬት ይቃጠላል። መሬቱ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የበሰበሰ ዕፅዋት ስለሆነ እሳቱ ከሥር ለሳምንታት ይጨሳል። በ2015፣ በ2019 እና በ2023 ጭሱ ፓሌምባንግን ሸፍኖ ትምህርት ቤቶች ሥርዓታቸውን እንዲለውጡ አስገድዷል። ይህ በየዓመቱ የሚከሰት ሳይሆን ዝናብ በሚዘገይባቸው ዓመታት የሚብስ ነው፤ ከፍ ያለው ታላንግ ሰሙትም ከጭሱ አያመልጥም። ልጅዎ የአስም ችግር ካለባት ይህ ከጎርፉ በላይ ሊያስጨንቅዎ ይገባል። ቤት ሲመርጡም በሮቹና መስኮቶቹ በደንብ የሚገጥሙ አንድ ክፍል እንዲኖረው ያድርጉ፤ ባለ ሽንቁር የቆዩ ቤቶች ለሙቀቱ መልካም ሲሆኑ ለጭሱ ግን መጥፎ ናቸው።

የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ታላንግ ሰሙት ወይም አጠገቡ ቤት ይከራዩ፤ በዚያ አገር የቤት ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው የዓመት በአንድ ጊዜ መሆኑን አውቀው ይዘጋጁ። አንድ የዝናብና አንድ የደረቅ ወቅት ካሳለፉ በኋላ የባለቤትዎ ዘመዶች ሰፈር በእግር ወይም በሞተር ሳይክል ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ወንዝ ዳር መኖር ግድ መሆን አለመሆኑንም ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ዜግነቴ አሜሪካዊ ነው። 80,000 ዶላር ያህል አጠራቅሜያለሁ። አንድ ኢንዶኔዥያዊ የሥራ ባልደረባዬ በፓሌምባንግ መሐል ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ ለተማሪዎች የሚከራዩ 12 ክፍሎች ያሉት ቤት እንድገዛ መክሮኛል። ካርታው በወንድሙ ስም ይሆንና እኔ ደግሞ ከወንድሙ ጋር የብድር ውልና የውክልና ሥልጣን እፈራረማለሁ። ሁሉም የውጭ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ብሎኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ አያድርጉት። ብዙ ሰው ማድረጉ እውነት ነው፤ ሕጋዊ አለመሆኑም እንዲሁ። በላይ የጠቀስነው የ1960 ሕግ 26ኛ አንቀጽ ሙሉ ባለቤትነትን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለውጭ ዜጋ የሚያስተላልፍ ማንኛውንም ውል ፈራሽ ያደርገዋል፤ መሬቱ ወደ መንግሥት ይሄዳል፤ የተከፈለውንም ገንዘብ ማስመለስ አይቻልም። ብድሩና ውክልናው ለብቻቸው ሲታዩ ትክክለኛ ውሎች ይመስላሉ፤ አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ዳኛው የሚያየው የተደበቀ ግዢ ነው። የወንድምየው ታማኝነት እዚህ ላይ ጥቅም የለውም፤ እርሱ ታማኝ ሆኖ ሳለ ሊሞት፣ ሊፋታ ወይም ዕዳ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወራሾቹ፣ ሚስቱ ወይም ባንኩ የሚያውቁት ካርታውን እንጂ እርስዎን አይደለም።

ሕጉ የሚፈቅድልዎ መንገድ አለ፤ ለያዙት ዓላማ መመቸቱ ግን ያጠራጥራል። የውጭ ዜጋ ሃክ ፓካይ በሚባል የመጠቀም መብት የመኖሪያ ቤት ሊይዝ ይችላል። መብቱ በመጀመሪያ ለ30 ዓመት ይሰጣል፤ ለ20 ዓመት ይራዘማል፤ እንደገና ለ30 ዓመት ይታደሳል። ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቦታ ብቻ፣ ስፋቱም ከ2,000 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ይፈቀዳል፤ ዋጋው ደግሞ የመሬት ጉዳይ ሚኒስቴሩ ለየክፍለ ሀገሩ ካስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ማነስ የለበትም፤ በጃካርታ ለምሳሌ የተለየ ግቢ ላለው ቤት 5 ቢሊዮን ሩፒያ ነው። ይህ ሥርዓት የታሰበው ደኅና ቤት ገዝቶ ለሚኖር ሰው ነው፤ 12 ክፍል ለተማሪ ለሚያከራይ አይደለም። የማከራየት ንግድ የሚፈልግ የውጭ ዜጋ ኩባንያ እንዲያቋቁም ይጠበቃል፤ ያ ኩባንያ ደግሞ ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ የሚያወጣ መዋዕለ ንዋይ ማቅረብ አለበት። የእርስዎ 80,000 ዶላር ዛሬ ባለው ምንዛሪ ከ1.3 ቢሊዮን ሩፒያ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ይህ በር ለእርስዎ ዝግ ነው፤ ባልደረባዎ በጓሮ በኩል ሊያስገባዎ የፈለገውም ለዚሁ ነው።

ቁጥሮቹን ስንመለከት ደግሞ ትርፉ ራሱ ደላላ የሚያወራውን ያህል አይደለም። ገዢ ከተወሰነ ነጻ መጠን በላይ ባለው ዋጋ ላይ 5 በመቶ የንብረት ማግኛ ግብር፣ ሻጭ 2.5 በመቶ የገቢ ግብር ይከፍላሉ፤ ውሉን የሚጽፈው የመሬት ኖተሪ እስከ 1 በመቶ ድረስ ይጠይቃል። በኪራይ ገቢ ላይም ግብር አለ። የሩፒያው መውረድም አለ፤ በ2014 መጨረሻ አንድ ዶላር 12,400 ሩፒያ ገደማ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ግን ወደ 16,100 ደርሷል። በሩፒያ ሲቆጠር ዋጋው ያልተነካ ቤት በዶላር ሲቆጠር በእነዚህ 10 ዓመታት ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋ ዋጋውን አጥቷል ማለት ነው። ኪራይዎ በሩፒያ፣ ኑሮዎ ደግሞ በዶላር ከሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኮስ የሚባለው የክፍል ኪራይ በፓሌምባንግ ጥሩ ሥራ መሆኑን አንክድም። የስሪዊጃያ ዩኒቨርሲቲ ቡኪት በሳር ግቢ ከመሐል ከተማው አጠገብ ስለሆነ በዚያ አካባቢ ተከራይ አይጠፋም። ነገር ግን ትርፉ የሚመጣው ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ አክስት እዚያው ግቢ ውስጥ ኖረው ውኃውን፣ መብራቱንና የተከራዮቹን ሥነ ሥርዓት በየቀኑ ስለሚከታተሉ ነው። ቨርጂኒያ ሆኖ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ጉልበት በደሞዝ መግዛት አለበት፤ ያን ጊዜ ትርፉ ወደ ደሞዝተኛው ኪስ ይሄዳል። አንድ ቀን ራስዎ እዚያ ለመኖር ካሰቡ እንደገና ይጻፉልን፤ ያኔ መልሳችን ሌላ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እኔ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ፤ ለሥራ ጉዳይ ፓሌምባንግ ደርሼ ተመልሻለሁ። የእነርሱን ቀላል ባቡር ሳይ የእኛው ትዝ አለኝ። በጣቢያዎቹ አጠገብ ያለ ሱቅ ወይም ቤት ዋጋው መናሩ አይቀርም ብዬ አስባለሁ፤ ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ባቡሩ በ2018 ከጃካርታ ጋር በጋራ ለተዘጋጁት የእስያ ጨዋታዎች ተብሎ የተሠራ፣ የኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው ቀላል ባቡር ነው፤ ከእኛው ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ሥራ ጀመረ። 23.4 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 13 ጣቢያዎች አሉት፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነሥቶ መሐል ከተማውን ሰንጥቆ፣ ሙሲን ተሻግሮ ጃካባሪንግ ወደሚገኘው የስፖርት መንደርና ከዚያም አልፎ ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ በምሰሶ ላይ የተሠራ በመሆኑ ከታች ያለውን መንገድ አልዘጋም። ሆኖም የተሠራበት ምክንያት የውድድር እንግዶችን ማመላለስ እንጂ ነዋሪው በየቀኑ የሚሄድበትን ተከትሎ አልነበረም፤ የፓሌምባንግ ሰው ደግሞ ሞተር ሳይክሉን በቀላሉ አይተውም።

መልሱን በአንድ ጣቢያ እናሳይዎ። ከአምፔራ ጣቢያ በፊት ያለው ጣቢያ ቺንዴ ይባላል። በአጠገቡ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ በእንጉዳይ ቅርጽ ምሰሶዎቹ የታወቀ ገበያ ነበር። በ2017 ፈርሶ በቦታው ዘመናዊ የገበያ ማዕከልና ፎቅ እንዲሠራ ታሰበ፤ ነጋዴዎቹም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ፎቁ ሳያልቅ ቆመ፤ በ2025 ደግሞ ዐቃቤ ሕግ በሙስና ጠርጥሮ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ተጠያቂ አድርጓል። ከጣቢያ አጠገብ፣ መሐል ከተማ፣ በትልቁ ሱዲርማን ጎዳና ላይ ያለ ቦታ፣ ማለትም ደላላ ከሚያወድሰው ሁሉ የላቀ ቦታ፣ ለዓመታት በቆርቆሮ ታጥሮ ኖረ። በአቅራቢያው ሱቅ የገዙ ሰዎች የጠበቁት ገበያተኛ ሳይመጣ የነበራቸውም ተበተነ።

ስለዚህ የከተማውን ትልልቅ ዕቅድ ተመልክቶ ከመግዛት ይልቅ አሁን የሚሠራውን ገበያ ተመልክቶ መግዛት ይሻላል። ከአምፔራ ጣቢያ በታች ያለው የ16 ኢሊር ገበያ ለምሳሌ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊትም ጨርቃ ጨርቅ ሲሸጥበት የኖረ ስለሆነ ጣቢያው ረድቶታል እንጂ አልፈጠረውም። ታቹ ሱቅ ላዩ መኖሪያ የሆኑት ሩኮዎች በእንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ሁልጊዜ ተከራይ አላቸው። አውሮፕላን ማረፊያውም ቢሆን በ2024 ዓለም አቀፍ ደረጃውን ተነጥቆ በ2025 መልሶ አግኝቷል፤ በአንድ የሚኒስቴር ደብዳቤ የሚሰጥና የሚወሰድ ነገር ለቤት ዋጋ መሠረት አይሆንም። አዳዲሶቹ የክፍያ መንገዶች ደግሞ ከተማዋን ወደ ውጭ፣ በተለይ ረግረጉ ተሞልቶ ወደተገነባው ወደ ጃካባሪንግ አቅጣጫ እየሳቧት ነው፤ ይህ ለመሐል ከተማው ገበያ በረከትም ስጋትም ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን የበለጠ ስጋት ነው እንላለን።

ጥያቄ፦ በስሪዊጃያ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዕድል አግኝቼ በመስከረም እሄዳለሁ። መሐል ከተማ መኖር ይሻለኛል ወይስ ግቢው አጠገብ? ክፍል ስይዝ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ትምህርት ክፍልዎ በየትኛው ግቢ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው በከተማው ውስጥ ካለው የቡኪት በሳር ግቢ ሌላ በኢንድራላያ ትልቅ ግቢ አለው፤ ወደዚያ የሚወስደው የክፍያ መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትምህርትዎ ኢንድራላያ ከሆነ መሐል ከተማ መኖር ገንዘብም ጉልበትም ያባክናል። ቡኪት በሳር ከሆነ ግን ከግቢው እስከ ካምባንግ ኢዋክ ባለው መካከል ክፍል ይፈልጉ። ከወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ ሳይሰጡ ይግቡ፤ አንድ ከባድ ዝናብ ሲዘንብ የጓሮውን ቦይ ካዩ በኋላ ለረጅም ጊዜ መዋዋል ይችላሉ።

ኮሶች አብዛኛውን ጊዜ ለወንድና ለሴት የተለዩ ናቸው፤ እንግዳ የሚገባበትና የግቢው በር የሚዘጋበት ሰዓትም አላቸው። መብራቱ በካርድ ቆጣሪ የሚሞላ መሆኑንና ማን እንደሚሞላው፣ የአየር ማቀዝቀዣ በኪራዩ ውስጥ መግባቱን አስቀድመው ይጠይቁ። በሙቀቱ ምክንያት ከኪራዩ ቀጥሎ የሚከብደው ወጪ እርሱ ነው። በገቡ በ24 ሰዓት ውስጥም ኤርቴ ለሚባለው የሰፈሩ ሹም፣ በእኛ አገር ከቀበሌ ያነሰ የጎረቤት አስተዳደር ማለት ነው፣ ፓስፖርትዎንና የመኖሪያ ፈቃድዎን ቅጂ ይስጡ። አከራዩ ይህን ያድርግልዎ እንጂ ‹‹አያስፈልግም›› ካለዎ ያ ቤት ለውጭ ዜጋ ለማከራየት ያልተዘጋጀ ነውና ሌላ ይፈልጉ።